ጥላችን ካረፈበት

ዳርትሙር በሚሉት የድንጋይ አገር
ሰው ሣጥን ይደብቃል፤ የቆየ ነው ነገር።
ሣጥኗ ሚጢጢ፣ ወርቅ የሌለባት፣
አንድ የጎማ ማኅተም፣ አንድ ደብተር ያለባት።
ያገኘ ያትማል፣ ስሙን ይጽፍና
ጉድጓዷ ይመልሳታል፣ ድንጋይ ይጭንና።
የሚወስድ የለም።
ሕጉ ይኸው ነው፤ ማንም አልጻፈውም።

ጄቤዝ ሃናፎርድ፣ የመንደሩ ፖስተኛ፣
ሠላሳ ዓመት በእግሩ፣ ዝምተኛ መንገደኛ፣
የሰው ደብዳቤ ሲያደርስ ኖሮ
የራሱን አንዲት ቀበረ፣ በስተርጅና ቆፍሮ።
በጎመን ዘር ከረጢት ጀርባ ይህን ብቻ ጻፈ፣
በደብዛዛ እርሳስ፣ ለሚስቱ ለሎቭዴይ፤
ጥቅምት ላይ ሳል ያዘው፣ ሰንበት ሳይደርስ አለፈ።

«እኩለ ቀን ላይ ተነሺ፣
ጥላችን ካረፈበት ድንጋዩን አንሺ።»

(በነሱ ቋንቋ ሌላ ነው የሕብረ ቃሉ ቦታ፤
እኔ በኛ ልቋጥረው፣ በኛ ደግሞ ይፈታ።)

ሎቭዴይ ሰባ አንድ ዓመቷ፤ ጉልበቷ ይንቋቋል።
ታምዚን የጎረቤት ልጅ፤ ጥርሷ ገና ይወልቃል።
ኮምፓስ፣ ቴርሞስ፣ ካርታ፣ ሁለት ዳቦ በቺዝ፣
ወጡ ከነቦቲያቸው ጭጋጉ ሲደበዝዝ።
የቆመው ድንጋይ ሥር እኩለ ቀን ጠብቀው ዋሉ፤
የጥላው ጫፍ ሲወድቅ እዚያው ችካል ተከሉ።
ቆፈሩ፤ ጥቁር ውኃ።
ቆፈሩ፤ የበግ አጥንት።
በሁለተኛው ቅዳሜ ሰማዩ ደፈና፣
ጥላ ያለ ፀሐይ የለምና
ዳቧቸውን በልተው ወረዱ።
በሦስተኛው ድንክ ፈረሶች ካርታቸውን ቀደዱ።

በኛ ቢሆን ደግ ነበር፤ «ምን አውቅልህ» ብሎ
አገር ሰጥቶ መገላገል፣ ነገሩን ጠቅልሎ።
እሷ ግን ለሟች ባል አገር አልሰጥ አለች፤
ክረምቱን በሙሉ ቦቲዋን ተጫማች።

መጋቢት አጋማሽ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ፣
ታምዚን ከረጢቱን በጥፍሯ ጫፍ ይዛ
«ቃሏን ብናጠብቃትስ?» አለች።
«የቷን?»
«ሲላላ ጥላ ነው። ሲጠብቅ ግን ጥል።
አንቺና እሱ ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሎቭዴይ ዝም አለች። ማንቆርቆሪያው ፉጨቱን ለቀቀ፤
ማንም አላወረደው፣ ውኃው ተንኖ አለቀ።

አንድ ጥል ነበር፤ አንድ፣ ዘጠኝ ወር የዘለቀ፤
የአባቷን መስክ ሸጦ፣ ከሰው አፍ የታወቀ።
አንድ አልጋ፣ ሁለት ጀርባ።
ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ ለእኩለ ቀን አውቶብስ፣
ከድንጋዩ ድልድይ አፋፍ ስትደርስ
ግራ ቦቲዋን ማጥ ዋጠው።
ከኋላ መጣ። ተንበረከከ፣ መዘዘው፣
ውኃውን ደፋ፣ እግሯን በኮቱ እጅጌ አደረቀ፣
ሕፃን እንደሚያጫማ፣ ቀስ ብሎ አጠለቀ።
አውቶብሱ አለፈ።
ይቅርታ የሚባል ቃል ከማንም አልወጣም።
ሻንጣውን እሱ ያዘ።

ድልድዩ ሥር፣ ከሦስተኛው ድንጋይ ኋላ፣
የትምባሆ ቆርቆሮ፣ ዝገት የበላላት ገላ፣
ክዳኗ በሰም የተደፈነ።
ሰሙን ሎቭዴይ በጥፍሯ ላጠችው።
ማኅተሙ ከላጲስ የተቀረጸ፦ አንድ ግራ ቦቲ።
ደብተሩ ግን ባዶ አልነበረም።
አሥራ አንድ መንገደኛ፣ ሳያስበው ደርሶ፣
አትሞ፣ ፈርሞ፣ ሰሙን በክብሪት መልሶ
ሄዷል፤ አንዱ ከነልጆቹ፣ አንዱ በዝናብ፣
አንዷ «ውሻዬ ናት ያገኘችው» ብላ።
የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከጥጉ፣
«ይህን ለሷ ተዉላት» ይላል።

ሁሉም ትተውላታል።

አተመች። ቦቲው ትንሽ ተንጋደደ።
«እንውሰዳት?» አለች ታምዚን።
«አይወሰድም።»
ድንጋዩን ልጅቷ ገፋች፤ ወንዙ ሥራው ላይ ነበር።
ሎቭዴይ ድልድዩ ላይ ተቀመጠች፣
ግራ ቦቲዋን አወለቀች፣
«ዳቦ ተርፏል?» አለች።